ሰይጣኑ የስፌት መኪና ነበር፦ የኤሲ/ዲሲን ግጥሞች ለነቀፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ባለን የሮክ ወዳጆች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ብዕራቸው ግን ስለት አለው፤ ሁለት ቦታ ላይ ሳልወድ አስቀውኛል። የተነሡበት ጉዳይ የአውስትራሊያው ባንድ ኤሲ/ዲሲ፣ በተለይም የዘፈኖቹ ግጥም ነው። ክሳቸው ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ ባንዱ ዕድሜ ልኩን አንድ ዘፈን ብቻ ሲዘፍን ኖሯል፤ ግጥሙ የሰይጣን ነው፤ ሰይጣን በሌለበት ብልግና አለ፤ ብልግና በሌለበት ወንጀል አለ፤ ዘፋኙ ምን እንደሚል አይሰማም፤ የቀድሞው ዘፋኝ ቦን ስኮት ከሞተ ወዲህ ደግሞ ግጥም የሚባል ነገር ጭራሽ ጠፍቷል፤ ለነገሩስ ይህ ሁሉ ጩኸት ለአዲስ አበባ ልጅ ምኑ ነው? መጨረሻ ላይ «አምስቱ እጅግ የወረዱ ግጥሞች» የሚል ዝርዝር አስቀምጠዋል። እሱን ለኋላ ላቆየው፤ ጉድ አለበት።

ኤሲ/ዲሲ የባለቅኔዎች ስብስብ ነው ብዬ ልሟገት አልተነሣሁም። እንዲያ ብል መጀመሪያ የሚስቅብኝ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ራሱ አንገስ ያንግ ነው። የእኔ ነገር ሌላ ነው፦ እነዚህ ሰዎች እየቀለዱ ነው፤ ቀልዱም አብዛኛውን ጊዜ በገዛ ራሳቸው ላይ ነው። ጸሐፊው ግን ቀልድ በተነገራቸው ቁጥር ምስክር ይቅረብልኝ ይላሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀላሉ ልጀምር። አንድ ቦታ ላይ፣ ቦንን በተካው ዘፋኝ ላይ፣ «ብራያን ጆንሰን ከሚለው ውስጥ አንድም ቃል አይሰማም» ብለው ይፈርዳሉ። አንቀጽ ሳይሻገሩ ደግሞ የግጥሙ ብልግና ጆሮ ያቃጥላል ይላሉ። ያልተሰማ ቃል ጆሮ የሚያቃጥለው በምን ተአምር ነው? ከሁለቱ ክሶች አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እመርጥ ነበር፤ እውነትም ጆንሰን ጉሮሮውን ሲከፍተው የሚወጣው ቃል ከመሆኑ በፊት እሪታ ነው። ሰው ግጥሙን በቃሉ የሚይዘው አሥር ጊዜ አብሮ ከጮኸ በኋላ ነው። በግማሽ ስህተት፣ በግማሽ ግምት። እንዲያም ሆኖ ለገሃር ታክሲ ተራ ቆሞ ወያላው ሰባት ሰፈር በአንድ ትንፋሽ ሲጠራ የራሱን ሰፈር ለይቶ የሚሰማ የአዲስ አበባ ሰው፣ ጆንሰን አይሰማም ብሎ ቢያማርር ለማመን ይቸግረኛል።

አሁን ወደ ዋናው ክስ፣ ወደ ሰይጣኑ እንምጣ። ጸሐፊው የባንዱ ስም የፀረ ክርስቶስ ምሕጻረ ቃል ነው የሚለውን የቆየ ወሬ እንደ ተረጋገጠ ነገር አስቀምጠውታል። ወሬውን እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እውነቱ ግን ይህን ያህል አያስፈራም። ማልኮምና አንገስ ያንግ ከስኮትላንዷ ግላስጎው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አውስትራሊያ የተሰደዱ ወንድማማቾች ናቸው። በ1973 ሲድኒ ላይ ባንድ ሲያቋቁሙ ስም ቸገራቸው። እኅታቸው ማርጋሬት የልብስ ስፌት መኪና ላይ «ኤሲ/ዲሲ» የሚል ጽሑፍ አየች። ተለዋዋጭና ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለማለት ነው፤ ዕቃው በሁለቱም ይሠራል ማለት ነው። ኃይል ኃይል ስለሸተታቸው ወደዱት። አንገስ እስከ ዛሬ ድረስ፣ በዚህ ዕድሜው፣ መድረክ ላይ ለብሶት የሚወጣውን የተማሪ ቁምጣና ክራቫት ያመጣችውም ይህችው እኅት ናት። እንግዲህ ከዚህ ባንድ ጀርባ የሆነ ስውር እጅ አለ ከተባለ የእሷ እጅ ነው፤ መርፌና ክር ይዞ።

ቀጥሎ «ሃይዌይ ቱ ሄል»ን ያነሣሉ። የ1979 አልበም ነው። ሽፋኑ ላይ አንገስ ቀንድ አብቅሎ፣ የጅራቱን ጫፍ በእጁ ይዞ ቆሟል። አያስፈራም፤ ለትምህርት ቤት ቴአትር የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ጸሐፊው ግን ዘፈኑ «ወጣቱን ወደ ገሃነም ይጋብዛል» ብለዋል። ገሃነሙ የት እንዳለ አንገስ ሲጠየቅ መልሷል፦ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ለወራት ከከተማ ወደ ከተማ እየተንከራተቱ፣ የዘፋኙ ካልሲ አፍንጫህ ሥር ሆኖ መተኛት ከገሃነም ብዙም አይርቅም የሚል ነበር መልሱ። ከአውቶቡስ ተራ ተነሥቶ፣ ጫማውን ካወለቀ ሰው ጎን ተቀምጦ አንድ ቀን ሙሉ የተጓዘ ሰው ይህን ግጥም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በግጥሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ መንገዱ ላይ ቁም የሚል ምልክት የለም፣ የፍጥነት ገደብ የለም፣ ወዳጆቼም እዚያው ይጠብቁኛል እያለ ይፈነጥዛል። ሰይጣንንም በስሙ ይጠራዋል፤ አልክድም። የሚጠራው ግን በባንድ ሥራ ዕዳዬን እየከፈልኩልህ ነው ሊለው ነው። ወዲያው ዞር ብሎ ደግሞ እናቱን «እዪኝ፣ ወደ ተስፋይቱ ምድር እየሄድኩ ነው» ይላታል። በሰይጣን አምልኮ መሀል እናቱን እዪኝ የሚል አማኝ እስካሁን አልገጠመኝም።

ጸሐፊው ክፉኛ የተሳሳቱት ግን «ሄልስ ቤልስ» (የገሃነም ደወሎች) ላይ ነው። በዘፈኑ መግቢያ የሚደወለውን ደወል «የጨለማ ሥርዓት ጥሪ» ብለውታል። እስቲ የነገሩን አመጣጥ በቅደም ተከተል እንየው። የካቲት ውስጥ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1980፣ ቦን ስኮት ለንደን ውስጥ ሲጠጣ ባደረበት ሌሊት ማግስት ሞቶ ተገኘ። 33 ዓመቱ ነበር። የባንዱ ልጆች ሊበተኑ አስበው ነበር፤ የቦን ወላጆች ናቸው በቀብሩ ጊዜ እንዳታቆሙ ያሏቸው። በእሱ ቦታ የመጣው ብራያን ጆንሰን ከእንግሊዝ ኒውካስል አካባቢ የተገኘ፣ የመኪና ጣሪያ በቪኒል የሚያለብስ ሥራ የከፈተ ሰው ነው። ወዲያው ወደ ባሃማስ ይዘውት ሄዱ፤ ናሶ ከተማ ስቱዲዮ ገቡ። አንድ ቀን ሰማዩ ጠቁሮ፣ መብረቁ እየተንጓጓ፣ ዝናቡ በጎርፍ ሲወርድ ያየውን እዚያው ጻፈው። የ«ሄልስ ቤልስ» መክፈቻ ስንኞች እነዚያ ናቸው። የአየር ጠባይ ዘገባ ቢባሉ ይሻላል።

ደወሉ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ላፍቦሮ በምትባል ከተማ በደወል ሠሪዎች የተሠራ፣ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ የሆነ እውነተኛ ደወል ነው። በመጀመሪያ ድምፁን ሊቀዱ የሞከሩት በከተማው የመታሰቢያ ማማ ላይ ካለው ደወል ነበር። አልሆነም፤ ደወሉ በተመታ ቁጥር ማማው ላይ የሰፈሩት ወፎች ግር ብለው ይነሡና የክንፋቸው ድምፅ ቀረጻውን ያበላሸዋል። የጨለማው ኃይል በእርግብ ተሸነፈ ማለት ነው።

አልበሙ «ባክ ኢን ብላክ» ይባላል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ወጣ፤ ሽፋኑ ጥቁር በጥቁር ነው፤ ከል ነው። ጆንሰን ግጥሙን ሲቀበል የተነገረው ነገር ሙሾ እንዳይሆን፣ ቦንን የሚያወድስ ድግስ እንዲሆን ነበር። ስለዚህ ከሞተው ወዳጃቸው አምስት ወር በኋላ የወጣው አልበም ውስጥ፣ ሲጠጣ አድሮ ለሞተ ሰው መታሰቢያ በሆነ አልበም ውስጥ፣ «ሃቭ ኤ ድሪንክ ኦን ሚ» የሚል የመሸታ ዘፈን አለ። ጸሐፊው ይህን «የሕሊና ቢስነት ጥግ» ብለውታል። እኔ ግን በእኛ ሰፈር ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይዘው የተቀመጡ የእድርተኞች ጠረጴዛ ነው ትዝ የሚለኝ። ሟቹን እያነሡ ሲስቁ ያመሻሉ፤ ያ የሞላው ሳቅ ድንኳኑን ያሞቀዋል፤ ማንም ነውር ነው አይልም። የቀረ አንድ ሰው ቢኖር ሟቹ ነው፤ እሱም ቢኖር ከሁሉ በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

ይህን አልበም መጀመሪያ የሰማሁት የአጎቴ ልጅ ፒያሳ ከአንድ ካሴት ቤት አስቀድቶ ባመጣው ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ነው። (ቤቱ ዛሬ የለም፤ ቦታው ሰፊ መንገድና አበባ ሆኗል።) ያን ጊዜ ባዶ ካሴት ይዘህ ትሄዳለህ፣ የምትፈልገውን ትነግራለህ፣ በማግስቱ ትወስዳለህ። ቀጂው የዘፈኖቹን ስም የጻፈበት ወረቀት ላይ «ሄልስ ቤልስ» «የሔለን ደወል» ሆኖ ነበር። አልበሙ 42 ደቂቃ ስለሆነ በአንዱ ገጽ አያልቅም፤ የመጀመሪያው ገጽ ሰባት ዘፈን ያህል ይዞ፣ ያ የመሸታ ዘፈን ገና ጊታሩ ሲነሣ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ካሴቱን ገልብጠን እንቀጥላለን። እስከ ዛሬ ዘፈኑን ስሰማ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ወደ ቴፑ ሊሄድ ይዳዳዋል። ለማንኛውም «የሔለን ደወል» እያልን ስናንጎራጉር ሰይጣን በሰፈራችን ታይቶ አያውቅም።

«ሌት ዜር ቢ ሮክ»ን በስድብ መመደባቸውን በአጭሩ ልለፈው። የ1977 ዘፈን ነው፤ የኦሪት ዘፍጥረትን አነጋገር ተውሶ ብርሃን ይሁን፣ ድምፅ ይሁን፣ ከበሮ ይሁን፣ ጊታር ይሁን እያለ የሮክን አፈጣጠር ይተርካል። መጀመሪያው 1955 ነው ይላል፤ አንገስ የተወለደበት ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ይሁን አይሁን እንጃ። በቪዲዮው ላይ ቦን ስኮት የቄስ ልብስ ለብሶ ይሰብካል፤ አንገስ አናቱ ላይ የመልአክ አክሊል ደፍቶ ይዘልላል። ይህን አይቶ ሃይማኖቱ የተናጋበት ሰው ካለ፣ ድሮም ሃይማኖቱን ያሠረው በስስ ክር ነበር።

ወንጀሉን እንይ። «ደርቲ ዲድስ ደን ደርት ቺፕ» የ1976 ዘፈን ነው። ጸሐፊው ቅጥር ነፍስ ገዳይ ሥራውን ያስተዋውቃል ብለዋል። ልክ ነው፤ ያስተዋውቃል። የዘፈኑ ቅርጽ ራሱ ማስታወቂያ ነው። ርእሰ መምህሩ የሚያስቸግርህ ተማሪ ከሆንክ ደውል፤ ወዳጅሽ ካታለለሽ ደውዪ፤ ሚስትህ በነገር ከገደለችህ ደውል፤ ዋጋችን ርካሽ ነው። የስልክ ቁጥሩንም ይሰጣል። ቁጥሩ የሴት ቁመና ልኬት መሆኑን ያስተዋለ ሰው ቀልድ ላይ እንዳለ እዚያው ይገባዋል። ከዚያ የአገልግሎቶቹ ዝርዝር ይመጣል። የሲሚንቶ ጫማ አለ፣ ሳያናይድ አለ፣ ድማሚት አለ። እና ክራቫት። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። መርዝና ፈንጂ መሀል ክራቫት ምን ይሠራል? ታንቆ ለመገደል ነው ወይስ ገዳዩ ትርፍ ጊዜውን የወንዶች ልብስ ይሸጣል? ቦን ስኮት አላብራራም። በዝርዝሩ መጨረሻ ደግሞ «ሃይ ቮልቴጅ» አለ፤ የራሳቸው አልበም ስም ነው። ከግድያው መሀል አልበማቸውን ይሸጣሉ።

የርዕሱን ምንጭ ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ ይህን አንቀጽ የሚጽፉት አይመስለኝም። የተወሰደው አንገስ በልጅነቱ ይከታተለው ከነበረ የልጆች ካርቱን ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ክፉ ገጸ ባሕርይ «ቆሻሻ ሥራ በርካሽ ይሠራል» የሚል የስም ካርድ ነበረው።

ስለ ሴቶች ያነሡት ክስ ከሁሉም የተሻለው ነው፤ ቀልዱም እዚህ ላይ ነው የሚሳሳው። በ1985 የአሜሪካ ፖለቲከኞች ሚስቶች ተሰባስበው ለልጆች አይገቡም ያሏቸውን አሥራ አምስት ዘፈኖች ዘርዝረው ነበር፤ ከኤሲ/ዲሲ የገባው «ሌት ሚ ፑት ማይ ላቭ ኢንቱ ዩ» ነው። ይህን ዘፈን አልከላከልለትም። ባለጌ ስለሆነ አይደለም፤ ባለጌ ሆኖ ስለማያስቅ ነው። ከላዩም ከሥሩም አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ሰም የሌለው ወርቅ። «ጊቭን ዘ ዶግ ኤ ቦን» የሚለውንም ተከላከል ብሎ የሚያስገድደኝ ሰው የለም።

ግን በደህናዎቹ ዘፈኖች ውስጥ ወንዱ ምን እንደሚሆን ጸሐፊው አላዩም። ይሸነፋል። ሁልጊዜ ይሸነፋል። «ዘ ጃክ»ን ይውሰዱ፤ ከአንዲት ሴት ጋር ካርታ ሲጫወት ያመሸ ወንድ ታሪክ ይመስላል። ጨዋታው ሲያልቅ የያዘው ካርታ ሳይሆን የአባላዘር በሽታ ነው። ጉረኛው ሐኪም ቤት ይሰለፋል። «ቢግ ቦልስ» ላይ ቦን የከበርቴ አነጋገር አስመስሎ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ በቤቱ ስለሚደግሳቸው የዳንስ ምሽቶች ብዛትና ትልቅነት ይተርካል፤ ወርቁ ሱሪው ውስጥ ነው። የሚሰደበው ታዲያ ማን ነው? ራሱ ተራኪው።

ከሁሉም የምወደው «ሆል ሎታ ሮዚ» ነው፤ 1977። ሮዚ ታዝማኒያ ውስጥ ቦን የሚያውቃት ሴት ናት። ልኬቷን ከላይ እስከ ታች በኢንች ይቆጥረዋል፦ 42፣ 39፣ 56። ክብደቷንም ይናገራል፤ ወደ ኪሎ ሲመለስ 120 ይሆናል። ጸሐፊው ይህን «በወፍራም ሴት ላይ መሳለቅ» ብለውታል። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰምተውታል? ቦን ከእሷ የሚበልጥ አላየሁም ነው የሚለው። ሌሊቱን ሙሉ እሷ ቆማ እሱ ነው የወደቀው። በዚያ ዘመን ሬዲዮ ላይ የሚወደሱ ሴቶች ሁሉ እንደ ሸምበቆ የቀጠኑ ነበሩ፤ ይህች አንዲት ሴት 120 ኪሎ ሆና በግማሽ ዓለም ስታዲየሞች ትወደሳለች። እስከ ዛሬ የዘፈኑ መግቢያ ሲጀመር ሕዝቡ በየክፍተቱ «አንገስ!» እያለ ይጮኻል። ለሮዚ ሲባል አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲነሣ እንጂ ሲሳለቅባት አልሰማሁም።

«አንድ ዘፈን ብቻ» ለሚለው ክስ ረጅም መልስ አያስፈልግም። አንገስ ራሱ፣ አሥራ አንድ ተመሳሳይ አልበም አወጣችሁ ለሚሉት፣ ተሳስታችኋል፣ አሥራ ሁለት ነው ብሎ መልሷል እየተባለ ይነገርለታል። ርዕሳቸው ላይ «ሮክ» የሚል ቃል ያለባቸው ዘፈኖችም ከአሥር በላይ ናቸው፤ ጸሐፊው ቆጥረዋል፤ ቆጠራቸውን እቀበላለሁ። ብቻ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስንት ዘፋኝ ነው ትዝታን የዘፈነው? ቅኝቱ ያው፣ ናፍቆቱ ያው፣ ስንኙ እንኳ አንዳንዴ ያው። አሁን ብሔራዊ ቴአትር ገብተው አንድ ድምፃዊት ትዝታ ስትጀምር «ይሄንንማ ሰምተነዋል» ብለው ይወጣሉ?

ስለ ገንዘብ ዘፈኖች ጸሐፊው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ሰይጣን ፍለጋ ሲሮጡ የባንዱን ምርጥ ግጥሞች ረግጠዋቸው አልፈዋል። «ኢትስ ኤ ሎንግ ዌይ ቱ ዘ ቶፕ» የ1975 ዘፈን ነው፤ በስኮትላንድ ከረጢት ዋሽንት የታጀበ። የሙዚቀኛ ሕይወት ዝርዝር ነው፤ ትዘረፋለህ፣ ትደበደባለህ፣ ትታለላለህ፣ የሚከፈልህ አነስተኛ ነው፣ ታረጃለህ። በቪዲዮው ሜልቦርን መሀል ከተማ፣ ስዋንስተን ጎዳና ላይ፣ ክፍት ጭነት መኪና ላይ ቆመው እየተጫወቱ ያልፋሉ። ካዛንቺስ ሳይፈርስ እዚያ ማታ ማታ ይሠሩ የነበሩ አንድ ጊታር ተጫዋች ወዳጄ ይህን ዘፈን ካስተረጎምኩላቸው በኋላ «የእኛን ቤት ባለቤት ያውቁታል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። የሦስት ወር ደሞዝ ቀርቶባቸው ነበር።

«ዳውን ፔይመንት ብሉዝ» ደግሞ አለ፤ 1978፣ «ፓወርኤጅ» ከሚለው አልበም። ሰውዬው ሥራ የለውም። ምንም አለመሥራት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው ይላል። የቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ካዲላክ ይዟል፤ ነዳጅ መግዣ ግን የለውም። ስለዚህ ቆሞ በሚገኘው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። በመንግሥት ድጎማ ድመቱን እንኳ መመገብ አቅቶታል። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው የሰይጣኑ ስንኝ? ባለፈው ከለገሃር ወደ ስታዲየም ስወርድ ነዳጅ ማደያው ጋ ተሰልፎ የቆመ አንድ የላዳ ሹፌር አየሁ። ሰልፉ ዞሮ መታጠፊያው ድረስ ደርሷል። ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ፣ እግሩን በተከፈተው በር አውጥቶ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ቆሎ እየቆረጠመ የእግር ኳስ ትንታኔ ያዳምጣል። ከፊቱ ያለው መኪና አንድ ክንድ ሲንቀሳቀስ ሞተር አላስነሣም፤ ወርዶ በእጁ ገፋው፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ቆሎውን ቀጠለ። ፊቱ ላይ ቅሬታ የሚባል ነገር አልነበረም። ቦን ስኮት ይህን ሰው ቢያየው አንድ ስንኝ ይጨምርለት ነበር።

ቦን ከሞተ ወዲህ ግጥሙ ሞቷል ለሚለው፣ ግማሹን እሰጣቸዋለሁ። ቦን ባንዱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የባንዱ ሹፌር ሆኖ ሠርቷል፤ ከዚያ በፊትም ብዙ የጉልበት ሥራ ሞክሯል፤ ግጥሙ ውስጥ ያ ሁሉ ኑሮ አለ። ጆንሰን እስከ 1988 ድረስ ግጥም ጻፈ፤ ከ1990 ጀምሮ ወንድማማቾቹ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ቃላቱ ቀጥነዋል፤ ቀልዱም እንደ በፊቱ አይነክስም። ግን «ተንደርስትራክ»ን እንደ ግጥም ማንበብ የከበሮ ምት ለምን ስሜት አልገለጸም ብሎ እንደ መክሰስ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው «ተንደር» (ነጎድጓድ) የሚለው ጩኸት ከበሮ ነው። ሃምሳ ሺ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመታው ማየት ነው።

የቀረው «ለእኛ ምናችን ነው?» የሚለው ነው። ባህላችን አይደለም ይላሉ፤ በምትኩም የድሮውን የአዲስ አበባ የሳክስፎንና የትራምፔት ሙዚቃ እንድናዳምጥ ይመክራሉ። አዳምጣለሁ፤ እወደዋለሁም። ግን ትራምፔቱ ከየት መጣ? በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አምጥተው ነው አዲስ አበባ ላይ የነሐስ መሣሪያ ባንድ የተቋቋመው፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም እሱ ነው። ያ ባህላችን ሊሆን ሁለት ትውልድ እንኳ አልፈጀበትም። የተጣመመው የኤሌክትሪክ ጊታርም ቢሆን ቤቱን አግኝቷል፤ ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ጊታሩ ሮክ፣ ቅኝቱ የእኛ ነበር፤ ማንም ከሰማይ የወረደ ነገር አላደረገውም።

ጉራውማ ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል? የካቲት 23 ቀን ጠዋት ምኒልክ አደባባይ ይቁሙ። ጎፈር የደፋ፣ ጋሻ ያነገበ ሰው ወደ ፊት ሦስት እርምጃ ፈንጠር ብሎ ዘራፍ ይላል። ገዳይ ነኝ ይላል፣ የአባቱን ስም ይጠራል፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፣ ይንጎራደዳል፣ ደረቱን ይነፋል። ሕዝቡም ያጨበጭባል፤ ከዚያ ዓመት በፊት በነበረው በዓል ያለውንም ያውቃል፤ ቃል በቃል ያውቃል። ማንም መጥቶ «ስንት ሰው ገድለሃል? ማስረጃ አምጣ» አይለውም። «ፎር ዞዝ አባውት ቱ ሮክ» የ1981 ዘፈን ነው፤ መጨረሻው ላይ መድፍ ይተኮሳል። መድፉ የገባው በዚያ ዓመት ሐምሌ የእንግሊዙ ልዑል ቻርልስና ዲያና ሲጋቡ የተተኮሰውን ሰምተው ነው። ዘፈኑ የሚለው ሁሉ ሲጠቃለል፣ ልትዘፍኑ የተነሣችሁ ሁሉ ሰላምታችን ይድረሳችሁ ነው። ከመድፍ ጋር። ለዚህ የሚሆን ጆሮ የሌለው የአራዳ ልጅ አላውቅም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። አንደኛ ያሉት «ሌት ሚ ፑት ማይ ላቭ ኢንቱ ዩ» ነው፤ ተስማምተናል። ሁለተኛው «ጊቭን ዘ ዶግ ኤ ቦን»፤ ዝም ብያለሁ። ሦስተኛው «ተንደርስትራክ»፤ ከላይ መልሻለሁ። አራተኛው «ዘ ጃክ»፤ እሱን መሳደብ የተሸነፈን ሰው መርገጥ ነው። አምስተኛው «ሃይዌይ ስታር» ነው። በእርግጥ ግጥሙ ይሞገታል፤ ሰውዬው መኪናውንና ፍቅረኛውን ለይቶ የሚያውቃቸው አይመስለኝም፤ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቃል ነው የሚያወድሳቸው። ብቻ የኤሲ/ዲሲ አይደለም። የእንግሊዞቹ የዲፕ ፐርፕል ነው፤ የወጣውም በ1972፣ ኤሲ/ዲሲ ከመመሥረቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ክሱን ለዲፕ ፐርፕል ወዳጆች ያስተላልፉት፤ እነሱም ከፒያሳ አይጠፉም፤ መልስ አሰጣጣቸው ግን እንደ እኔ ለስላሳ አይደለም።